ልጃችን በተቋም ውስጥ ቢበደል፦ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ካለባቸው ልጆች ወላጆች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በልዩ ክፍል አስተምሬአለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሐይቅ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከኩታበር፣ አንዳንዴም ከወልዲያ ወላጆች ቤቴ ድረስ ይመጣሉ፤ መምጣት ያልቻሉት ይደውላሉ። ጥያቄያቸው ከዓመት ዓመት ያው ስለሆነ መልሱን አንድ ቦታ ላኑረው ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። አንቀጽ የምጠቅሰው ቢሮ ስትገቡ ባዶ እጃችሁን እንዳትገቡ ነው።

የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ማለት የአእምሮ ሕመም ማለት ነው?

አይደለም። ውስንነቱ ከልጅነት ጀምሮ መማርን፣ መናገርንና ራስን ችሎ መኖርን የሚያዘገይ ነው። ዳውን ሲንድረም፣ በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ በሕፃንነት የያዘ ማጅራት ገትር ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። የአእምሮ ሕመም ግን በማንኛውም ዕድሜ ሊመጣ፣ በሕክምናም ሊሻል ይችላል። ሁለቱም ያሉበት ሰው አለ። ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅማችሁ አቤቱታ ይዛችሁ ስትሄዱ “እሱ እኮ አማኑኤል መሄድ ያለበት ነው” ብለው እንዳይሸኟችሁ ነው። ማመልከቻችሁ ላይ “ዘገምተኛ” ብላችሁ አትጻፉ፤ “የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት” በሉ።

ልጄን ማንም አልመታውም። ታዲያ ተበደለ ማለት እችላለሁ?

ብዙ በደል ዱላ የለውም። አንድ ረፋድ ላይ ጠመኔ ልዋስ ጎረቤት ክፍል ጎራ አልኩ። ልጆቹ ከሰሌዳው ይገለብጣሉ። ከመስኮቱ ሥር አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ወገቡ በመቀነት ከዴስክ እግር ጋር ታስሮ ተቀምጧል። መቀነቱ የእናቱ ነበር፤ የጦሳ ብርድ እንዳይገባበት ብላ ጠዋት ጠዋት ሆዱ ላይ የምትጠመጥምለት። አላለቀሰም። የመቀነቱን ዘርፍ እያፈተለ ይጎነጉናል፤ ጉንጉኑ አንድ ስንዝር ደርሷል። ከታሰረ ቆይቷል ማለት ነው። መምህሯ “እንዳይወድቅ ብዬ ነው” አለችኝ። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ሰባ ሁለት ተማሪ ነበራት።

ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ጠራ። ሻይ ተጠጣ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ቃለ ጉባኤው ላይ “መቀነት” የሚል ቃል የለም፤ “ታሰረ” የሚልም የለም። “በክፍል አያያዝ ዙሪያ ምክክር ተደርጓል” ይላል። ከፈረሙት አራት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። እናቱን ማንም አልጠራትም።

ስለዚህ፦ ማሰር፣ ክፍል ዘግቶ መቆለፍ፣ ልብሱ በሽንት እንደራሰ ማዋል፣ ምሳ መንፈግ፣ የሚጥል በሽታ ክኒኑን መዝለል፣ እንዳያስቸግር ብሎ በማስታገሻ ማፍዘዝ፣ ሁሉም በደል ነው። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 16 ከጥቃት፣ ከብዝበዛና ከጉስቁልና መጠበቅን ያዛል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ እንዲጠብቅ ኃላፊነት የተሰጠው ሰው ልጁን ቢያንገላታ፣ ቸል ቢለው ወይም ቢደበድበው እስከ ሦስት ወር በሚደርስ ቀላል እስራት፣ በጤናው ወይም በዕድገቱ ላይ ከባድ ጉዳት ካደረሰበት ከአንድ ዓመት በማያንስ እስራት እንደሚቀጣ ይናገራል። “ቸል ቢለው” የሚለውን ቃል አስምሩበት።

ምልክት አየሁ። ዛሬ ማታ ምን ላድርግ?

ደብተር ክፈቱ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያያችሁትን፣ ልጁ ያላችሁን በራሱ ቃል ጻፉ። ልጁ “ጋሼ ጨለማ” ካለ “ጋሼ ጨለማ” ብላችሁ ጻፉ እንጂ “መምህሩ ጨለማ ክፍል ቆለፈብኝ ብሏል” አትበሉ። ትርጉሙን የሚያወጣው ሌላ ሰው ነው። ማን እንዳመጣው፣ ማን እንደተረከበው፣ በር ላይ ያገኛችሁት ዘበኛ ምን እንዳለ መዝግቡ። ሰንበሩን በቀን ብርሃን ፎቶ አንሡ፤ አጠገቡ ሳንቲም አኑሩ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። ፎቶውን ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አትለጥፉ። ልጁ ነገ አድጎ በሚያልፍበት መንደር የሚታይ ገላ ነው።

ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ካርዱ ላይ “ወድቆ ነው” ተብሎ እንዳይሞላ ሐኪሙ ሲጽፍ ጠይቁ። የወሲብ ጥቃት ከጠረጠራችሁ ገላውን አትጠቡ፣ ልብሱን አትጠቡ፤ ልብሱን በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ጠቅልላችሁ ያዙ፣ ፌስታል ያሻግተዋል። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። ስለዚህ እስኪነጋ፣ ሰኞ እስኪደርስ፣ አጎቱ ከሳውዲ እስኪደውል አትጠብቁ።

አቤት የሚባለው ለማን ነው?

እንደ ነገሩ ነው። ወንጀል ከሆነ ቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ፤ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የያዘውን መርማሪ ጠይቁ። ወንጀል መሆኑን የሚወስነው ርዕሰ መምህሩ ወይም የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አይደለም፤ “ቅድሚያ ለእኛ ማሳወቅ ነበረባችሁ” ቢሏችሁ አትደንግጡ።

የአያያዝ ጉድለት ከሆነ ትምህርት ቤቱ ዘንድ፣ ከዚያ ወረዳው ወይም ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት። ሆስፒታል ከሆነ ቅሬታ ሰሚው፣ ከዚያ የጤና ቢሮው ተቆጣጣሪ ክፍል። በበጎ አድራጎት ድርጅት የሚተዳደር ማዕከል ከሆነ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ እንዲሁም ድርጅቱን የመዘገበው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን።

ከዚያ በላይ ሁለት ተቋማት አሉ፣ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን (አዋጅ 210/1992) የመብት ጥሰትን ይመረምራል፤ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም (አዋጅ 211/1992) የአስተዳደር በደልን፣ ማለትም ደብዳቤያችሁን መሳቢያ ውስጥ የቆለፈውን ቢሮ ይመለከታል። ኮሚሽኑ አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም ይቀበላል፣ ክፍያ የለውም፤ በተበዳዩ ስም ቤተሰብ ወይም ሌላ ሰው ማቅረብ ይችላል። ለእኛ ክልል ያለው ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ ባህር ዳር ነው። ከደሴ በወልዲያና በጋሸና ዞሮ የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ መሆኑን አውቃለሁ፤ በደብዳቤና በስልክ ጀምሩ።

የትም ብትሄዱ ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን ይቀበሏችሁ፤ ሌላው ላይ “ተቀብያለሁ” ብለው ማኅተም፣ ቀንና የመዝገብ ቁጥር ያኑሩላችሁ። መዝገብ ቤቷ ሠራተኛ “አያስፈልግም” ካለች ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ።

“በሽምግልና ጨርሱት” ቢሉንስ?

ወሎ የሽምግልና አገር ነው፤ እኔም ስንት ጊዜ ተቀምጬበታለሁ። ሼሁና ቄሱ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያስታርቁበትን ባህል የሚንቅ ሰው ቤቴ አይግባ። ግን ሽምግልና የሁለት ባለጉዳዮች ነው። እዚህ ላይ ከባለጉዳዮቹ አንዱ ልጁ ነው፤ እሱ ደግሞ ምንጣፉ ላይ የለም።

አስገድዶ መድፈርን የመሰለ ወንጀል በእርቅ አይዘጋም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 ተበዳይዋ በአእምሮ ሕመም ወይም በሌላ ምክንያት የድርጊቱን ምንነት ለመረዳት ወይም ለመከላከል የማትችል ከሆነች፣ ወይም በመጠለያ፣ በጤና ወይም በትምህርት ተቋም ውስጥ በአድራጊው ቁጥጥር ሥር ከሆነች፣ ቅጣቱን ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ጽኑ እስራት ያደርገዋል። “ለልጅቷ አንድ በሬ ይካሱ” የሚል ሽማግሌ ካጋጠማችሁ፣ በአክብሮት እጁን ስማችሁ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሂዱ።

ተቋሙ “አጣሪ ኮሚቴ አቋቁመናል” ብሎናል። እንጠብቅ?

በትዕግሥት ጠብቁ፣ በዝምታ ግን አይደለም። ኮሚቴ የማቋቋም ችግር ኖሮብን አያውቅም። መጀመሪያ አባላቱን በስም ጠይቁ፤ የተወቀሰው ሰው የቅርብ አለቃ ሰብሳቢ ከሆነ ኮሚቴው ራሱን እየመረመረ ነው። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 16 ንዑስ 3 እንዲህ ያሉ ተቋማትና ፕሮግራሞች በገለልተኛ አካል ክትትል እንዲደረግባቸው የሚለው ለዚህ ነው። ከዚያ፦ ልጁን ራሱን አነጋገሩት? እናንተንስ? ውጤቱ በየትኛው ቀን ይነገራችኋል፣ ኮፒውንስ ትወስዳላችሁ? በምርመራው ወቅት ተጠርጣሪው ከልጆቹ ይርቃል?

ሪፖርቱ ሲወጣ ግሦቹን አንብቡ። “ክፍተቶች ታይተዋል”፣ “ግንዛቤ ተፈጥሯል”፣ “አቅጣጫ ተቀምጧል” የሚል ከሆነ አድራጊ የለውም። ማን፣ መቼ፣ ማንን፣ ምን እንዳደረገ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ፈልጉ። ከሌለ በጽሑፍ መልሳችሁ ጠይቁ። መፍትሔው “ስልጠና ይሰጣል” ብቻ ከሆነም እንደዚያው። የእኛ ትምህርት ቤት መምህርት ስልጠና አልጎደላትም፤ የጎደላት ሁለተኛ መምህር ነበር። እሱን ያለው ግን ማንም የለም፤ ምክንያቱም ታሰረ ተብሎ ካልተጻፈ ለምን ታሰረ ተብሎ አይጠየቅም።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ተቋማት ምን አድርገዋል?

“ይህ የእኛ የድህነት ጣጣ ነው” ለሚሉኝ ሰዎች ሦስት ታሪክ እነግራቸዋለሁ።

እንግሊዝ ውስጥ፣ ብሪስቶል አጠገብ፣ ዊንተርቦርን ቪው የሚባል 24 አልጋ ያለው የግል ሆስፒታል ነበር። ለአንድ ታካሚ በሳምንት በአማካይ 3,500 ፓውንድ ይከፈልበት ነበር፤ ድህነት አልነበረም። አንድ ነርስ ሠራተኞቹ ታካሚዎቹን እንደሚያሰቃዩ ለአለቆቹ ጻፈ፤ ለአገሪቱ ተቆጣጣሪ ተቋምም ደጋግሞ አመለከተ። ሰሚ አጣ። ወደ ቢቢሲ ሄደ፤ አንድ ጋዜጠኛ ሠራተኛ መስሎ ገብቶ በድብቅ ቀረጸ፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2011 በቴሌቪዥን ታየ። ሆስፒታሉ በሳምንታት ውስጥ ተዘጋ፤ በ2012 አሥራ አንድ ሠራተኞች ተፈረደባቸው፣ ስድስቱ ታሰሩ። ኋላ የተደረገው ማጣራት ፖሊስ፣ ድንገተኛ ክፍልና የአካባቢው አስተዳደር የየራሳቸውን ቁራጭ መረጃ ይዘው እንደነበር፣ ማንም ግን እንዳላገጣጠመው አሳየ። መንግሥት በእንዲህ ያሉ ሆስፒታሎች ያለቦታቸው የተቀመጡትን ሰዎች እስከ ሰኔ 2014 ወደ ማኅበረሰቡ እመልሳለሁ አለ፤ ቀኑ አለፈ፣ ሰዎቹ እዚያው ነበሩ።

ሁለተኛው ኮነር ስፓሮውሆክ ነው። የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት፣ ኦቲዝም፣ የመማር ውስንነትና የሚጥል በሽታ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 ኦክስፎርድ ውስጥ በአንድ የሕክምና ተቋም መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ጠባቂ ሳይኖረው ሰጥሞ ሞተ። ተቋሙ መጀመሪያ ያለው “ተፈጥሯዊ ሞት” ነው። እናቱ መጻፍ አላቆመችም። በ2015 የአሟሟት አጣሪ ጉባኤ ቸልተኝነት ለሞቱ አስተዋጽኦ እንዳደረገ ወሰነ። በዚያው ዓመት የወጣ ገለልተኛ ጥናት ተቋሙ የመማር ውስንነት ካለባቸው ታካሚዎች ያልተጠበቁ ሞቶች ውስጥ የመረመረው ከመቶ አንድ ያህሉን ብቻ እንደሆነ ገለጠ። በ2018 የኮነርንና የአንዲት ሌላ ታካሚን ሞት ተከትሎ ተቋሙ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ።

ሦስተኛው አፍሪካችን ውስጥ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ጋውቴንግ ክፍለ ሀገር። ወጪ ለመቀነስ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2016 ከላይፍ ኢሲዲሜኒ ማዕከላት ከ1,000 በላይ ሰዎች፣ የአእምሮ ሕሙማንና ውስንነት ያለባቸው፣ በጥድፊያ ወደ ትንንሽ ድርጅቶች ተበተኑ። 144 ሰዎች ሞቱ፤ በረሃብ፣ በውሃ ጥም፣ በብርድ ጭምር። የጤና እንባ ጠባቂው ምርመራ 27ቱ ድርጅቶች ሕጋዊ ፈቃድ እንዳልነበራቸው ጻፈ፤ ሲጓጓዙ አንዳንዶቹ በአልጋ አንሶላ ታስረው እንደነበርም ጻፈ። አንሶላውን ጽፎታል። ከዚያ የቀድሞው ምክትል ዋና ዳኛ ዲክጋንግ ሞሴኔኬ የመሩት የግልግል ችሎት ቤተሰቦችን አንድ በአንድ ሰማ፤ በመጋቢት 2018 ለእያንዳንዱ ጠያቂ ቤተሰብ 1.2 ሚሊዮን ራንድ ካሳ ወሰነ። ያ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ቤተሰቦቹ ማን የት እንደተወሰደ በየራሳቸው ዝርዝር እየያዙ ከበር በር ይንከራተቱ ነበር።

ልጄ በደንብ አይናገርም። ምስክርነቱን ማን ይቀበለዋል?

ሁሉንም ባይነግራችሁም የሚነግራችሁ አለ። ወደ አንድ በር ሲቃረብ እጃችሁን ይጨብጣል፤ የአንድ ሰው ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን ይይዛል፤ ከወራት በፊት የተወውን አልጋ ላይ መሽናት ይጀምራል። ይህን ከነቀኑ ጻፉ። አሥር ጊዜ አትጠይቁት፤ እናታችሁም አክስታችሁም አይጠይቁት። በተደጋጋሚ የተጠየቀ ልጅ የጠያቂውን መልስ መመለስ ይጀምራል፣ ተከላካይ ጠበቃ ደግሞ ያንን አይምርም። መርማሪው አጭር ጥያቄ፣ አንድ በአንድ፣ ልጁ የሚያውቀው ሰው ባለበት እንዲጠይቅ አመልክቱ፤ ሥዕል ማሳየትና ማስሳል ይቻላል። በኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች ሕፃናትን ከችሎቱ ውጭ በተለየ ክፍል ሆነው በካሜራ የማስመስከር አሠራር አለ፤ ዐቃቤ ሕጉን ስለ እሱ ጠይቁ።

ሐኪም ቤት “ጠባዩ ነው” እያሉ ይመልሱናል።

ይህን እጠላዋለሁ። አንድ ጎረምሳ ነበር፣ ራሱን ግድግዳ ላይ የሚመታ። ሦስት ጊዜ ሄደው ሦስት ጊዜ ማስታገሻ ተጻፈላቸው። በአራተኛው አንዲት ወጣት ጤና መኮንን አፉን በባትሪ አየች፤ መንጋጋው ላይ ያበጠ ጥርስ። ተነቀለ፣ መምታቱ ቆመ። “ጠባዩ ነው” ሲሏችሁ “ጠባዩ ከመቼ ጀምሮ ተለወጠ?” የሚለውን ጥያቄ እናንተ አንሡ። ጥርስ፣ ጆሮ፣ የሆድ ድርቀት፣ ሽንት ይታይልን በሉ፤ ዳውን ሲንድረም ካለበት ልብና እንቅርት ጭምር። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ብቻውን አይታጠብም፤ ማዕከል ከገባ ይህን በጽሑፍ ስጡ።

የካርዱን ቅጂ ቤት አኑሩ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሆስፒታል መዘረፉን የማያስታውስ የለም።

ቅሬታ ካቀረብን ልጁን ቢያባርሩብንስ?

ትክክለኛው ጥያቄ ይኸ ነው፤ ሌላው ሁሉ የዚህ መሸፈኛ ነው። በአቅራቢያችሁ ያለው ልዩ ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ ልጁ ቤት ከዋለ እናት ሥራ ትተዋለች። “አይዟችሁ፣ አያባርሩትም” ብል እዋሻችኋለሁ።

ብቻችሁን አትሂዱ። የክፍሉን ወላጆች ሰብስቡ፤ አምስት ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ላይ የማን ልጅ እንደሚባረር አይታወቅም። የቅሬያችሁን (የእድራችሁን) ሰብሳቢ ይዛችሁ ግቡ። ቅሬ ለሞት ብቻ የተሠራ አይደለም፣ የቀብር ድንኳን የሚተክል ሰው ለአንድ ልጅ ቢሮ መቀመጥ አያቅተውም። ደብዳቤው የመጀመሪያ መስመር ላይ “ልጃችን ትምህርቱን እንዲቀጥል እንፈልጋለን” ብላችሁ ጻፉ፤ ኋላ ቢያባርሩት ያ መስመር ይመሰክራል። ከተባረረ ደግሞ የሁለተኛ አቤቱታ ርዕስ ነው፣ እሱን ለእንባ ጠባቂ።

ልጄ 18 ዓመት ሞልቶታል። ስለ እሱ ማመልከት እችላለሁ?

ወንጀልን ማንም ሰው መጠቆም ይችላል። በስሙ የፍትሐ ብሔር ክስ ለመመሥረት ግን ፍርድ ቤቶች ብዙ ጊዜ በፍርድ ክልከላ፣ ማለትም ሰውየው በራሱ ስም ሕጋዊ ሥራ እንዳይሠራ ፍርድ ቤት ሲወስን፣ የተሾመ ሞግዚት ይጠይቃሉ። አትቸኩሉ፤ ክልከላው ልጁ በራሱ ስም የሚያደርገውን ሁሉ ይነካል።

ካሳ መጠየቅ ይቻላል?

ይቻላል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2126 መሠረት የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ባጠፋው ጥፋት መንግሥትም ሊጠየቅ ይችላል። ጊዜውን ግን ልብ በሉ፦ በአንቀጽ 2143 ክስ የማቅረቢያው ገደብ (ይርጋው) ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ ያለው ወንጀል ከሆነ ያ ይሠራል። ኮሚቴ እየጠበቃችሁ ሁለት ዓመት እንዳያልፍባችሁ።

የምንቆልፍበት እኛው ወላጆቹ ብንሆንስ?

ሰኞ ገበያ ለመውጣት በሩን ከውጭ የምትዘጋ እናት ብዙ አውቃለሁ። ልወቅሳት አልችልም፤ የሚውልበት ቦታ የነሳት ተቋም ነው። እሳቱን አጥፍታ፣ ቁልፉን ለጎረቤት ትታ ትሂድ፤ ከዚያ ወረዳው የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ዘንድ ሄዳ “ልጄን ቆልፌ ነው የመጣሁት” ብላ ትናገር። አንዲት እናት እንዲህ ስትል ባለሙያው እስክሪብቶውን ሲያስቀምጥ አይቻለሁ። እንዲያነሣው ጠየቅኩት። ሰንሰለት ግን፣ ቤትም ይሁን ጸበል ቦታ፣ አይሆንም። ጸበሉም ዱአውም ያለ ሰንሰለት ይደርሳል፤ ክኒኑንም አያስጥልም።

ይቅርታ ቢጠይቁን እንቀበል?

የናንተ ፈቃድ ነው። ይቅርታ የተደረገውን በስሙ ሲጠራ ይቅርታ ነው፤ “ላስከፋናችሁ ሁሉ” የሚል ከሆነ የበዓል መልእክት ነው።

ያቺ መምህርት ከዓመታት በኋላ ለቅሶ ቤት አገኘችኝና “ያ ልጅ እንዴት ሆነ?” አለችኝ። ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ለአጎቱ ጆንያ ይሰፋል፣ ቋጠሮ የሚያህለው የለም። እናቱ ዘንድ እንድትሄድ ነገርኳት። አንድ ኪሎ ቡና ይዛ ሄደች። በሳምንቱ እናትየዋ መንገድ ላይ አስቆመችኝ። “መጣች፤ መቀነቱን ጠርታ፣ ዴስኩን ጠርታ ነገረችኝ። እርስዎም ነበሩ አለችኝ፣ መምህር። እርስዎ መቼ ሊነግሩኝ ነበር?”

እስካሁን በጽሑፍ አልመለስኩላትም።